የመቀርቀሪያው መንጋጋ

የጫማ ፋብሪካው በር የሚጠበቀው በሁለት ነገር ነበር፤ በብረት መዝጊያውና በአንድ ሰው መንጋጋ። ብረቱ ዝጎ ስለነበር ማንንም አያስፈራም። ሠራተኛው ማታ እየተፈተሸ ሲወጣ የሚፈራው መንጋጋውን ነው። ከሰውዬው ጆሮ ሥር ግራና ቀኝ የድንች ያህል ጡንቻ ተለጥፏል፤ ዝም ብሎ ቆሞ እንኳ ብቅ ጥልቅ ይላል። አይሳደብም፣ አይጮህም፣ እጁንም አያነሳም። ያንን ጡንቻ አንዴ ሲያንቀሳቅሰው ግን ሰው ያልሰረቀውን ሁሉ አውጥቶ ሊያስረክብ ይዳዳዋል። መቀርቀሪያ ብለው ስም አወጡለት።

ፈታሽ ሆኖ አልተወለደም። ዓመታት ከቆዳ ቆራጮቹ ጠረጴዛ ተቀምጦ ሠርቷል፤ ከጎኑ የሚቀመጠውም ማስቲሽ የሚሉት ሰው ነበር። ማስቲሽ የተባለው ወሬ ይዞ ከተጠጋ እንደ ጫማ ማጣበቂያው ስለማይለቅ ነው። አንድ ቀን ባለፋብሪካው በዚያ ሲያልፍ፣ ሰውዬው ወፍራም ቆዳ ሊቆርጥ ጥርሱን ነክሶ ሲታገል ተመለከተውና ቆመ።

«ይሄ ፊት እዚህ ምን ይሠራል?» አለ። «ንብረት እያባከንን ነው እኮ!»

በማግስቱ ኮፍያ አድርጎ በሩ ላይ ተገተረ። ገና ሳምንት ሳይሞላው ከአንድ ሽማግሌ ቆራጭ ሸሚዝ ሥር የልጅ ጫማ ሶል አገኘ። ሽማግሌው ቢላ አያያዝ ያስተማረው ሰው ነበር። ባለፋብሪካው አጠገቡ ቆሞ ስለነበር ሶሉን አስረከበ፤ ሽማግሌው ተባረረ። ጥርሱን በእንቅልፉ ማፋጨት የጀመረው ከዚያ ሳምንት ወዲህ ነው።

አፈጫጨቱ እንደ ሌላው ሰው ቀጭ ቀጭ አይደለም። ሚስቱ፣ «ባል አገባሁ ብዬ ወፍጮ ቤት ገባሁ» ትላለች። የጎረቤቱ ሰውዬ በግድግዳው በኩል፣ «እህል ይዘን እንምጣ ወይ?» እያለ ይጮሃል። ሚስት ስትችል ስትችል ቆይታ ፍራሿን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። ጠዋት ሲነሳ ጭንቅላቱ ችንካር የተመታበት ይመስለዋል፤ አፉ ከማንኪያ ወርድ በላይ አይከፈትም። ሁለት የመንጋጋ ጥርሶቹ ተሰነጠቁ። የጥርስ ሐኪም ቤት ሄዶ፣ ሲተኛ ጥርሱ መሀል የሚያደርገው የፕላስቲክ መንከሻ ቢሠራለት በሳምንቱ ለሁለት ገምሶ መለሰው።

ዶክተሯ ጉንጩን በሁለት እጇ ዳበሰችና፣ «ኧረ! ይሄ ጡንቻ ነው ወይስ ድንጋይ?» አለች። «መርፌ እንሞክር። መርፌው ጡንቻውን ያላላዋል፤ ሲነክሱ እንደ በፊቱ ጉልበት አይኖረውም። ከጥቂት ወር በኋላ ኃይሉ ስለሚያልቅ ተመልሰው ይመጣሉ። ፊትዎ ግን ትንሽ ይቀጥናል።»

«ይቅጠን ዶክተር፤ ከፈለገ ይጥፋ።»

«የሚያስነክስዎትን ነገር ደግሞ መርፌው አያገኘውም። የሚያስጨንቅዎ ነገር አለ?»

«ምንም የለ» አለና ጥርሱን ነከሰ። ዶክተሯ ጡንቻው ሲነሳ በጣቷ ስር ተሰማት።

ችግሩ የተጀመረው መርፌውን ሊወጋ ተራ ሲጠብቅ ነው። ከጎኑ ሁለት ጥቁር መነጽር ያደረጉ ወይዛዝርት ያንኑ መርፌ ለግንባራቸው መጨማደድ ሊወጉ ተቀምጠዋል። «ወንድሜ፣ አንተስ የቱን ነው የምታስተካክለው?» ሲሉት ኮፍያውን እስከ አፍንጫው አወረደው። ቤቱ እንደገባ ሚስቱን አስማላት።

«ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። ፋብሪካው ከሰማ ከነገ ጀምሮ ስሜ ሙሽሪት ነው።»

መርፌው ሠራ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወፍጮው ቆመ፣ ራስ ምታቱ ለቀቀው። ሚስት ፍራሿን ተሸክማ ተመለሰች። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ከዝምታው ብዛት ሞተ ብላ እጇን አፍንጫው ሥር እየደቀነች ትንፋሹን ታዳምጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት አፉን ከፍቶ ያዛጋል፤ እንደ ማንኛውም የእግዜር ፍጡር እያዛጋ ራሱን በመስታወት ያያል።

ቀስ በቀስ ጉንጩ ቀለጠ። ድንቾቹ ወደ ለውዝ ወረዱ፣ ከዚያም ጠፉ። በወሩ ማብቂያ በሩ ላይ የቆመው አንድ የዋህ፣ ቀጠን ያለ፣ የሰንበት ትምህርት አስተማሪ የሚመስል ሰው ነው። እንደዚያ ያለ ፊት በአንድ ወር ሲከሳ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሠራተኛው በልቡ ቀበረው።

«አልታመምኩም» አላቸው።

«ሁሉም መጀመሪያ እንደሱ ነው የሚለው» አሉና እንባቸውን ጠረጉ።

ከዚያ በኋላ የማታው ፍተሻ ፍተሻ መሆኑ ቀረ። ሰው ከሚሞት ሰው ጋር ተቀያይሞ መቅረት አይፈልግምና አንድ በአንድ እየተጠጉ ይቅርታ ይጠይቁት ጀመር። «መቀርቀሪያ የሚለውን ስም ያወጣሁልህ እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ» ይላል አንዱ። ነገ ደግሞ ሌላው። በሳምንቱ መጨረሻ የስሙ አውጪዎች ቁጥር ከሠራተኛው ቁጥር ሊበልጥ ምንም አልቀረው። ስሙ ሲያልቅ ወደ ስርቆቱ ገቡ። ክር ያሳለፈው፣ ታኮ በካልሲው የከተተው፣ ሚስማር በአፉ ይዞ እየሳቀ የወጣው፣ ሁሉም ተናዘዘ። እሱም ሌላ የሚለው ቢጠፋው፣ «ይቅር ለእግዜር» ይላል። ሲለው ደስ አለው። ከስንት ዓመት በኋላ ሰው ዓይኑን እያየ ሲያናግረው የመጀመሪያው ነበር።

ማስቲሽ ብርቱካን ይዞ ቤቱ ድረስ መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንዱን ላጠለት።

«አንተ ሰው፣ ሳልነግርህ ብትሄድብኝ ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል» አለ። «ምሳ ዕቃዬ ሥሩ ድርብ ነው። ወለሉን በጥፍር ስታነሳው ከሥር ቦታ አለ። ስንት ዓመት በፊትህ አሳለፍኩ!»

«ምን?»

«ሶል ነዋ! ለማን መሰለህ? ለሽማግሌው። ከተባረረ ወዲህ መንገድ ዳር ጫማ ይጠግናል፤ ከየት አምጥቶ ይጠግን?» ብርቱካኑን ሰጠው። «ስምህን አንድም ቀን በክፉ አንስቶት አያውቅም። ይሄንንም እወቅልኝ።»

መቀርቀሪያ ጥርሱን ሊነክስ ቃጣው። ጡንቻው ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ተልፈሰፈሰ፤ እንባው ማቆሚያ አጥቶ ወረደ። ማስቲሽም አብሮት አለቀሰ። ሚስት ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ሁለቱን አየችና፣ «የሞተው ማነው?» ብላ ተመለሰች።

በሰኞው ባለፋብሪካው ጠራው።

«ፊትህ የት ሄደ?» አለው። «ዕቃው በየአቅጣጫው እየወጣ ነው። ጭራሽ ሲያልፉህ ይስሙሃል አሉ!»

«ጌታዬ፣ ትንሽ አሞኝ ነው።»

«አዝናለሁ። ግን እኔ የቀጠርኩት ፊት ነው። እስኪሻልህ የውዳቂ ቆዳ መጋዘኑን ጠብቅ። ክረምቱ እስኪወጣ ወይ ይማርህ፣ ወይ ይለይልህ። ያ ፊት ወደ ፋብሪካው በር ካልተመለሰ ሌላ ፊት እቀጥራለሁ።»

ሚስት ይህን ስትሰማ ጦፈች። «ንገረዋ! መርፌ ነው በለው!»

«የወይዛዝርት ግንባር የሚወጉትን መርፌ ተወጋሁ ልበለው? ከዚያስ ቀብሬ ይሻላል።»

«ቀብርህንማ ጨርሰውታል፤ የጎደለው ሬሳው ብቻ ነው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ተው፣ ሌላ ሥራ ፈልግ። ቆዳ መቁረጥ ታውቃለህ።»

«ማን ይቀጥረኛል በዚህ ዕድሜ? ኪራዩንስ ማን ይከፍላል?»

ቀጠሮው ሲደርስ ዶክተሯ ዘንድ አልሄደም። መጋዘኑ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ከውዳቂው ክምር ጠንካራ ጠንካራውን የሶል ቆዳ እየመረጠ ያኝክ ጀመር። ፊቱን የሚያሠለጥን ዘበኛ በዓለም ላይ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ጠዋት በግራ፣ ከሰዓት በቀኝ። የመርፌውም ኃይል እያለቀ ሄደ። መጀመሪያ ለውዟ ተመለሰች፣ ከዚያ ድንቿ። ከተሰነጠቁት ጥርሶች አንዱ ከሶል ጋር ተጣብቆ ወጣ፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። አንድ ሌሊት ወፍጮው ተነሳ። ጎረቤቱ በዚህ ጊዜ አልቀለደም። ጠዋት ሲነቃ የሚስቱ ፍራሽ ከአጠገቡ የለም፤ ወጥ ቤት የምጣዱ ድምፅ ይሰማል።

«ደህና አደርሽ?» አላት።

«ደህና» አለች ፊቷን ሳታዞር።

ክረምቱ ሳይወጣ በሩ ላይ ተመለሰ። በመጀመሪያው ማታ ባለፋብሪካው ራሱ መጥቶ ከጎኑ ቆመ፤ ጉንጩን እንደሚሸጥ በሬ ትከሻ በዓይኑ ለካውና ረካ። ሠራተኛው በሰልፍ ወጣ። ከሩቅ ሲያዩት መጀመሪያ ተደሰቱ፤ ሲጠጉ ፈገግታቸው ጠፋ። ሁሉም የተናዘዘው ትዝ አለው። ባለካልሲው ጫማውን ሳይጠየቅ አወለቀ።

ማስቲሽ ብቻ እየሳቀ መጣ። «አየህ? ዳንክልኝ እኮ!» ብሎ ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

መቀርቀሪያ ክዳኑን ከፈተ። ፍርፋሪና አንድ ማንኪያ አለ። ክዳኑን መልሶ ቢገጥመው ሰልፉ ያልፍ ነበር። ከጎኑ የባለፋብሪካው ትንፋሽ ይሰማዋል።

«ቀጥል እንጂ» አለ ባለፋብሪካው። «ወይስ ገና አልተሻለህም?»

ከጆሮው ሥር ጡንቻው ተነሳ። ጥፍሩን ወደ ወለሉ ጠርዝ ሰደደና አነሳው። ከሥር ሁለት የልጅ ጫማ ሶል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ተኝተዋል። አውጥቶ ለባለፋብሪካው አስረከበ።

ማስቲሽ ሶሎቹን አላየም። መንጋጋውን ነው ያየው፤ ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን።

«እንኳን ማረህ ወንድሜ» አለው።

መቀርቀሪያ አንድ ነገር ሊመልስለት ፈለገ። አፉ ግን ከማንኪያ ወርድ በላይ አልከፈት አለው። በሰልፉ ቀጥሎ የነበረው ሰው፣ ማንም ሳያዘው፣ እጆቹን ወደ ላይ አነሳ።