መካኒኩ አብሮ ተሳፍሯል ወይ?

«እማማ፣ ያችን ሰማይ ደርሳ የተመለሰችውን የጠፈር መርከብ ያዩ ቀን እንዴት እንደፈሩ ይንገሩን» ብለው የቤቱ ልጆች ያዙኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ልናገር፣ እነሱ ይጻፉት።

እዚሁ ቃሊቲ ቤታችን ነው፤ ከሰዓት በኋላ። ያኔ ምህንድስና ትማር የነበረችው የልጅ ልጄ ቴሌቪዥኑን ከፍታ፣ «ይቺ አንዴ ሄዳ የምትቀር አይደለችም፤ ተመልሳ፣ ታድሳ፣ ደግማ ሰው ትጭናለች» አለችኝ። የታደሰ መኪናን ነገር አውቃለሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ፍሬን አሠርቶ፣ የሠራው መካኒክ ጎኑ ካልተቀመጠ ቁልቁለት አይወርድም። «እጁን ያመነ ይሳፈር» ይላል። እኔ ሁለቱም እስኪመለሱ ደጅ ቆሜ መንገድ መንገዱን አያለሁ።

ታዲያ መርከቧ ውስጥ ነጭ ልብስ የለበሰ፣ ፊቱ የማይታይ አንድ ሰው ወንበር ላይ ታስሮ አየሁ።

«መካኒኩ ነው?»

ሳቀች። «እንደዚያ ይበሉት።»

«እጁን እንኳ አያንቀሳቅስም እኮ! በፍርሃት ደርቋል።»

«መንዳት የለበትም፣ እማማ። ራሷን በራሷ ትነዳለች።»

ይሄ ባሰብኝ። መሪ እንኳ አልጨበጠ! የማን ልጅ ይሆን? እናቱስ የት ቆማ ይሆን?

ወደ ምድር ስትወርድ አየሩ እሳት ይሆንባታል አለች። ከሥሯ የተለበጠው ጋሻ እየተቃጠለ፣ እየተላጠ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ለሚቀጥለው ጉዞ ሌላ ይለብጡላታል። ይህን እያወራችኝ ምስሉ ጠፋ። ድምፅም የለ።

«እሳቱ ሬዲዮውን ጋርዶት ነው፤ ለጥቂት ደቂቃ ነው» ብትለኝ ማን ሰምቷት! ነጠላዬን ነከስኩ። ለእመቤቴ አንድ ጧፍ ተሳልኩ፤ ዝምታው ሲረዝም አምስት አደረስኩት።

መጣች። ከላይዋ ሁለት ትንንሽ ጃንጥላዎች ብቻ።

«አለቀ! ይሄ ጨርቅ ምኑን ይይዛታል?» ብዬ ጮህኩ።

«እነዚህ ፍጥነቷን ማብረጃ ናቸው። ትንሽ ይታገሱ!»

ከዚያ ትላልቆቹ ተዘረጉና፣ ጥላሸት የለበሰችው መርከብ ባሕር ላይ ቁጭ አለች። አለቀስኩ። ሰውየው ሲወጣ ልየው ብል፣ ልጅቷ ቶሎ ብላ ቴሌቪዥኑን ዘጋችው። በማግስቱ ጧፎቹን ይዤ እያነከስኩ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።

እሷ ተመርቃ፣ ሥራ ይዛ፣ ከወለደች በኋላ ነው ጉዱን የነገረችኝ። ያን ቀን መርከቧ ገና በሙከራ ላይ ነበረች፤ የሰው ልጅ አልጫኑባትም። ያ ወንበር ላይ የታሰረው፣ ንዝረቱንና ሙቀቱን የሚለካ መሣሪያ ሆዱ ውስጥ የታጨቀበት አሻንጉሊት ነበር።