ቀራሩ በአባቴ ደም ውስጥ

በሃምሳዎቹ መገባደጃ ላይ፣ ከየካ ሚካኤል ዝቅ ብሎ ካለው ቤታችን እየተነሣሁ በየጠዋቱ ወደ አንድ ላቦራቶሪ እሄድ ነበር። ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ደም እመረምራለሁ» እላለሁ፤ ይከበርልኛል። ዝርዝሩን ብናገር ግን የሚያከብረኝ አልነበረም። ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ሐኪም ነጭ የደም ሕዋሳትን በቦሎቄ ውሃ ሲቀሰቅስ፣ እኔ ብልቃጥ አጣቢና አቀባይ ነበርኩ።

ነጭ ሕዋሳት በሽታን የሚዋጉልን ናቸው። ጠላት እስኪመጣ ያንቀላፋሉ። የቀይ ቦሎቄ ጭማቂ ጠብ ሲደረግባቸው ግን ጠላት የመጣ ይመስላቸውና ይነቃሉ፣ ያብጣሉ፣ ይራባሉ። ሐኪሙ ማወቅ የፈለገው፣ በነቁ ጊዜ ሶዲየም የሚያስወጡትና ፖታሲየም የሚያስገቡት እንዴት እንደሆነ ነበር።

ጭማቂው ደርቆ፣ ዱቄት ሆኖ በአውሮፕላን ነው የሚመጣው። አንዴ ሲያልቅበት ሐኪሙ እንደ ሐዘንተኛ ተቀመጠ። «ቦሎቄ እኮ ሾላ ገበያ ሞልቷል» አልኩት። ትንሽ አሰበና ላከኝ።

«ለድስት ነው ለዘር?» አለችኝ ሻጯ።

«ለደም ነው።»

«እሱስ ደም ይሞላል» ብላ አንድ እፍኝ መረቀችልኝ።

ዘፍዝፈን፣ ፈጭተን፣ አጣርተን ሞከርነው። ሕዋሳቱ የሾላውን ከውጭው አልለዩትም።

የቸገረን የጤነኛ ሰው ደም ነበር። ወደ እኛ የሚመጣው ሁሉ ታሞ ነው የሚመጣው። በመጨረሻ አባቴን ለመንኩት። አባቴ ከተማው እርሻው ላይ እስኪደርስበት ድረስ ገበሬ ነበር፤ ከዚያ የአንድ እንጨት መጋዘን ዘበኛ ሆነ። ሲከራከር በአማርኛ፣ ሲናደድ በኦሮምኛ ነበር የሚናገረው። እሺ ከማለቱ በፊት በአማርኛ ጠየቀኝ።

«ሶዲየም የምትይው ምንድን ነው?»

«ጨው ውስጥ ያለው ነው፣ አባባ።»

«ያኛውስ?»

«ፖታሲየም አመድ ውስጥ አለ።»

«እና የእኔ ደም ጨው እያወጣ አመድ ሲያስገባ ይውላል? ሰው አመዱን አውጥቶ ጨው አይደል የሚያስገባው?»

ቢሆንም ክንዱን ሰጠ። መርፌው ሲገባ ፊቱን አላዞረም፤ ፊቴን ያዞርኩት እኔ ነኝ።

ደሙን ለይተን፣ ነጩን አጥበን፣ በእሳት መለኪያው ላይ አሳለፍነው። መሣሪያው ጠብታውን እሳት ውስጥ ይረጫል፤ ሶዲየም ቢጫ፣ ፖታሲየም ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ሆኖ ይነድዳል፤ መጠኑን የመሣሪያው ጠቋሚ መርፌ ይናገራል። የአባቴ ሕዋሳት ቦሎቄውን ሲቀምሱ ፖታሲየሙን በጉጉት ያስገቡ ጀመር። ኮራሁ። በምን እንደኮራሁ ዛሬም አላውቅም።

ቀጣዩ ሥራ ይህንን ማስገባትና ማስወጣት በመድኃኒት ማገድ ነበር። መድኃኒቱ ታዘዘ፤ ለወራት ሳይመጣ ቀረ። አባቴ ለሁለተኛ ጊዜ ደም ሊሰጥ በመጣ ቀን ሐኪሙ መጽሐፍ ገልጦ መድኃኒቱ የሚወጣበትን ዛፍ ሥዕል ሲያሳየኝ፣ አባቴ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አየና ሣቀ።

«ይሄማ ቀራሩ ነው! በአማርኛ መረንዝ የምትሉት። ቆላ ባለው በእናቴ አገር አጥር ለአጥር ነው። አጎቴ ልጡን እያፈላ መርዙን የፍላጻ ጫፍ ይቀባ ነበር።»

ተረጎምኩለት። ሐኪሙ በትሕትና ፈገግ አለ፤ ያመነ አልመሰለኝም። አባቴም እንዳመነው አልመሰለውም። በሚቀጥለው ሳምንት እናቱ አገር ደርሶ ተመልሶ፣ አንድ እቅፍ ሙሉ ቅርንጫፍ በአሮጌ ካፖርት ጠቅልሎ ላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው። ሐኪሙ ሥዕሉን አየ፣ ቅጠሉን አየ፣ ፊቱ ነጣ። ሁላችንንም ሦስት ጊዜ እጃችንን አስታጠበንና ጭራሮውን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት።

«ምነው፣ እንጨት ይታሰራል እንዴ?» አለ አባቴ።

ብዙም ሳይቆይ የታዘዘው መድኃኒት በብልቃጥ ሆኖ በአውሮፕላን መጣ፤ የአባቴ ጭራሮ አጠገብ ተቀመጠ።

ያን ቀን አባቴ እንደገና ደም ሰጠ፤ ሕዋሳቱን በሁለት ከፈልናቸው። ለሁለቱም ቦሎቄ፣ ለአንደኛው ከብልቃጡ መርዙን ጨመርን። ከሦስት ቀን በኋላ እሳቱ ላይ ሳሳልፋቸው የመረዝናቸው ቢጫቸው ደመቀ፣ ሐምራዊው ጠፋ። ጨው ሞልቶባቸው፣ ፖታሲየማቸው አፈትልኮ አልነቁም። ሐኪሙ በደስታ ጠረጴዛውን ደበደበ። እኔ ግን አባቴ ትዝ አለኝ። ከሰውነት የወጣ ደም ባለቤቱን እንደማይጎዳ ተምሬያለሁ፤ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ነጠላዬን አጣፍቼ እየሮጥኩ መጋዘኑ ደጃፍ ደረስኩ። አባቴ ግንድ ላይ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ውጤቱን ልነግርዎ ነው። ቦሎቄው ያስነሣቸዋል፤ ቀራሩ ያለበት ግን አልነቃም።»

ቆሎውን አላምጦ ጨረሰ። «ቀራሩ የነካው እንደማይነቃማ እኔን ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር» አለኝ፤ ከቆሎውም ዘገነልኝ።

ሐኪሙ ስለ ሙከራው የጻፈው ጽሑፍ ከዓመት በኋላ ታትሞ መጣ። አባቴ ስለ እሱ የሚለውን እንዳነብለት ጠየቀኝ። የሚለው «ደሙ ከአንድ ጤነኛ ወንድ የተወሰደ ነው» ብቻ ነው። ቅር ይለዋል ብዬ ስፈራ ደስ አለው። ወረቀቱን ለጎረቤት አሳየ፤ ከዚያ ወዲያ ጤንነቱ በውጭ አገር ሰዎች የተመሰከረለት ሰው ሆነ።

ክረምቱ ሲገባ ሳል ያዘው። እናቴ ሐኪም ቤት ሂድ ስትለው ወረቀቱን ያወጣል። ትኩሳቱ ሲብስ በግድ ይዤው ሄድኩ፤ ወረቀቱን በኪሱ ይዞ ነበር። ተረኛው ወጣት ሐኪም ተቀብሎ እስከ መጨረሻው አነበበው።

«አባባ፣ ይሄ የሚለው ደም የሰጡ ቀን ጤነኛ ነበሩ ነው» አለው ቀስ ብሎ።

አባቴ ወረቀቱንም ሐኪሙንም አየ። «ታዲያ የዛሬውን ማን ጠየቀኝ?» አለና ሸሚዙን ፈታ።

የሳምባ ምች ነበር። ብዙ መርፌ ተወጋ፤ በመጨረሻ በእግሩ ወጣ። እሱ በተኛበት ሰሞን የላቦራቶሪው ሐኪም አገሩ ተጠርቶ ሄደ። ወደ ላቦራቶሪው ስመለስ የእሳት መለኪያው ጨርቅ ለብሷል፣ እኔም ሰገራ ምርመራ ክፍል ተመድቤያለሁ። ጡረታ እስክወጣ እዚያው ሠራሁ።