ከብርሃን የሚቀድመው ቀለበት

ደብረ ማርቆስ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ለራሴ ደግሞ የሳይንስ ልቦለድ እጽፋለሁ። ሰው ሲሰማ ይስቃል። ኤዲያ! እኔ እንደሆን ከባዶ ተነስቼ አልቀባጥርም። መጀመሪያ የተረጋገጠውን ግኝት እይዛለሁ፤ ሳይንሱ ካቆመበት እቀጥላለሁ።

ያን ሰሞን የያዝኩት አብረው የተፈጠሩ ሁለት ቅንጣቶችን ነበር። የቱንም ያህል ቢራራቁ አንዷ ስትለካ የሌላዋ ሁኔታ ወዲያው ይታወቃል። በዚህ መንገድ መልእክት መላክ እንደማይቻል ለተማሪዎቼ ራሴ ነኝ የማስተምረው። በልቦለዴ ግን ቻልኩ። ሁለት ቀለበት ሠራሁ፤ አንዱን እህት ታደርጋለች፣ አንዱን ወንድም። እሱ በሕይወት እስካለ የእሷ ጣት ይሞቃል።

ታናሽ ወንድሜ ደጀን ላይ የከባድ መኪና ጎማ ይጠግን ነበር። ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። ለፋሲካ እመጣለሁ ብሎኝ ቀረ።

በበዓሉ ማግስት ጎረቤቶቼ ከወትሮው በዝተው መጡ። «ሥራ በዝቶበት ይሆናል፣ አይዞሽ» አሉኝ። ዶሮውን አቀረብኩ፤ ከዚያ ልቦለዴን አነበብኩላቸው። ቀለበቱ የእህትን ጣት ሲያሞቅ አንዷ ጎረቤቴ ዕንባዋን መቆጣጠር አቅቷት ወጣች። ጽሑፌ ያስለቀሳት መስሎኝ ደስ አለኝ! ምን ዓይነት ደስታ ነው፣ በሞትኩት።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ በሬ ተንኳኳ። የዕድራችን ዳኛ ከፊት፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ ቆመዋል። ያን ሳይ መርዶ መሆኑን አወቅኩ። ወንድሜ ክሪኩ ተንሸራቶ መኪና ወድቆበት ነው የሞተው፤ ያውም በሰሙነ ሕማማት። ወሬውን የዚያኑ ቀን የአውቶቡስ ሾፌር አምጥቶላቸዋል።

«በሕማማት መርዶ አይነገርም፤ በዓሉንም አናበላሽባት ብለን ነው። ላንቺው ብለን ነው፣ ልጄ» አሉኝ ዳኛው።

«ማን ቀበረው?»

«የአገሩ ሰው በወግ ቀብሮታል።»

«እርስዎስ ወንድምዎን ሰው እንዲቀብርልዎ ነው የሚተዉት?» አልኳቸው።

እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። ከብርሃን ቀድሞ ወሬ የሚያደርስ መሣሪያ ስፈጥር፣ ወሬው እኔው ቤት ቁጭ ብሎ የእኔን ዶሮ ይበላ ነበር። ወሬው ሲመጣላቸው እኮ ወንድሜ ገና አልተቀበረም! በነጋታው ጠዋት ብሳፈር ፊቱን አይቼ አፈር አለብሰው ነበር።