ዋስ ፍለጋ ወደ አራዳ

ከደሴ በወጣሁበት ሌሊት አባቴ አልተኛም፤ እኔም አልተኛሁም፤ ግን ሁለታችንም የተኛን መስለን አነጋን። ጎሕ ሳይቀድ አውቶቡሱ ድረስ ሸኝቶኝ አንድ ስም ብቻ አስያዘኝ።

«ሰይድ ይባላል፤ አራዳ ልብስ ሰፊ ነው። አብረን ነው ያደግነው። ከቸገረህ እሱ ዘንድ ሂድ።»

ኮሌጅ ገባሁና መርካቶ፣ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። የዚህ ሰፈር ሰው ብዛት እንደኛ አገር የሰኞ ገበያ ነው፤ ልዩነቱ ገበያው አለመበተኑ ነው። ቆም ብዬ ላስብ ስል ከኋላዬ ተሸካሚ «ገለል በል» ይለኛል። ከመጣሁ ጀምሮ በስሜ የጠራኝ ሰው ቢኖር ክፍል ውስጥ ስም የሚጠሩት አስተማሪ ብቻ ናቸው።

በሁለተኛው ሳምንት አከራዬ እትዬ ከድጃ በራፌ ላይ ቆሙ።

«ዋስህ የታለ?»

«እትዬ፣ እኔ ተማሪ ነኝ።»

«ተማሪ እግር የለውም? ካንተ በፊት የነበረውም ተማሪ ነበር፤ ከነብርድ ልብሴ ነው የጠፋው።»

«እኔ አልጠፋም፤ መንገዱንም ገና አላወቅሁት።»

ሊስቁ ፈልገው ተዉት። «እስከ ቅዳሜ የሚፈርምልህ ሰው አምጣ። ካጣህ ክፍሉን ትለቃለህ።»

በማግስቱ ከትምህርት መልስ ወደ አራዳ በእግሬ ወጣሁ፤ እዚህ ብዙው ሰው ፒያሳ ይለዋል። እንዲህ ያለ ቦታ አይቼ አላውቅም። የእንጨት ሰገነት ያላቸው ያረጁ ፎቆች፣ ተዳፋቱን የሚወርዱ ደረጃዎች፣ ከመንገዱ ዳር ለእግረኛ የተነጠፈ ድንጋይ። ሰዉ ምንም ሳይሸከም ይራመዳል፤ የሱቅ መስተዋት ያያል፣ ተመልሶ ያንኑ መንገድ ይሄዳል። የጠፋበት ነገር ያለ መስሎኝ ነበር። ለካ ሽርሽር ነው።

በእኛ አገር ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር ስለሆነ ያገኘሁትን ሁሉ ጎንበስ እያልኩ «እንደምን ዋላችሁ» አልኩ። አንዲት ሴት ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበች። ባርኔጣ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ሰላምታዬን ሳልጨርስ «እግዜር ይስጥህ» ብለውኝ አለፉ። ለማኝ መስዬያቸው ነው። ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ድንጋዩ ላይ ጥዬ ሄድኩ።

ጋሼ ሰይድን ከአንድ ደረጃ ሥር፣ ጠባብ ሱቃቸው ውስጥ አገኘኋቸው። የአባቴን ስም ስነግራቸው የስፌት መኪናቸውን አቁመው ተነሡ፤ «ቁርጥ አባትህን ነው የምትመስለው» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ስለ ዋስ ስነግራቸው ግን ተመልሰው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ለአገሬ ልጅ አንድ ጊዜ ዋስ ሆኜ ነበር። እሱ ጠፋ፤ እኔ ጣቢያ አደርኩ። ከዚያ ወዲህ ለወንድሜም ቢሆን አልፈርምም ብዬ ምያለሁ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ...»

«አንተ አትጠፋም። እሱም አይጠፋም ነበር። ሌላ ነገር ጠይቀኝ።»

ልሰናበታቸው ጎንበስ አልኩ። የሸሚዜ ቁልፍ መላላቱን አይተው ሳላወልቅ ደረቴ ላይ አጠበቁልኝ። ክሩን በጥርሳቸው ሲበጥሱ ትንፋሻቸው አንገቴን ነካኝ። ከቤት ከወጣሁ ወዲህ ያን ያህል የቀረበኝ ሰው አልነበረም።

ዛሬ ሐሙስ ቴሌ ቤት ሄጄ ደሴ ደወልኩ። አባቴ በቀጠሯችን መሠረት እዚያ ቴሌ ቤት ይጠብቀኝ ነበር።

«ሰይድን አገኘኸው?»

«አገኘኋቸው። ሰላም ብለዋል።»

«ረዳህ?»

«ረዱኝ።»

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲያውስ ሰው አለህ» አለኝ። ድምፁ ቀለል ሲለው ሰማሁ።

ቅዳሜ ከነገ ወዲያ ነው። ይህን ለአባቴ የምታነቡለት ካላችሁ የልብስ ሰፊውን ሱቅ ዝለሉለት፤ ስለ ሰገነቶቹ ብቻ ንገሩት።