የሸማኔው ጉድጓድ

ዛሬም በኮልፌ መንደር ውስጥ ሳልፍ ከአንድ ቤት የሽመና ድምፅ ከሰማሁ እግሬ ይታሰራል። የእርጥብ አፈርና የጥጥ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣል። ልጆቼ ደክሟት ነው ይላሉ፤ እኔም አላስተባብልም። ለአንተ ግን ልንገርህ።

አባቴ ባላባት ነበር። ጣሊያን ገብቶ መሬቱንና ጠመንጃውን ሲወስድበት ካባውና ኩራቱ ብቻ ቀሩት። ካባው ውሎ አድሮ ነተበ፤ ኩራቱ ግን ባሰበት።

ታላቅ እህቴን ከወንዙ ማዶ የሚኖር ሸማኔ ወደዳት። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጣቶቹ የሚያምሩ ሰው ነበር። ፈትል ልታደርስለት ሄዳ ስትመለስ ፊቷ እንዴት እንደሚያበራ እኔ አይ ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌ ላከ። አባቴ ሽማግሌዎቹን ቁጭ በሉ እንኳ አላላቸውም።

«ጣሊያን ያዋረደኝ አንሶ ልጄን ለሸማኔ፣ ለቁጢት በጣሽ ልዳር?»

እህቴ ከጓዳ ሆና ሰማች።

ከዚያ በጣሊያኖቹ ሹም ላይ ቦምብ ተጣለና ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ከተማው ጭስ ጭስ ይሸት ጀመር። ወታደሮቹ ወንዱን ከየቤቱ እየጎተቱ በካሚዮን ይጭኑ ነበር፤ የተጫነም አልተመለሰም፤ ሥራው ላይ ያገኙትን ባለ እጅ ግን አንዳንዴ ያልፉት ነበር። አንድ ጠዋት የካሚዮን ድምፅ ከላይኛው ሰፈር ሲሰማ እህቴ አባታችንን እጁን ይዛ ወንዙን አሻገረችው። እኔም ተከተልኳቸው። የት እንደምትወስደው የገባው የሸማኔው ደጃፍ ላይ ስንደርስ ነው። ሊመለስ ዞረ።

«ጌታዬ፣ ይግቡ» አለው ሸማኔው።

ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ ነው የሚሠራው። አባቴን እዚያ ውስጥ አጣጥፎ አስገባው፤ የተሠራውን ጋቢ በላዩ አለበሰና ተቀምጦ ሥራውን ቀጠለ። እኔና እህቴ ከእናቱ ጋር ጥግ ይዘን እንዝርት አነሣን። ወታደሮቹ ገቡ። እንስራውን ሰበሩ፣ መደቡን በሳንጃ ወጉ። መወርወሪያው ግን ከግራ ወደ ቀኝ መመላለሱን አልተወም። የሸማኔው እግር በዚያን ሰዓት ያረፈው የአባቴ ትከሻ ላይ ነበር።

ሲሄዱ አባቴ ወጣ። ጢሙ ላይ አፈርና የጥጥ ብናኝ ነበረበት። እሱን ሳያራግፍ፣ «ልጄን ሰጥቼሃለሁ» አለ።

ሸማኔው ቀና ብሎ አላየውም። «ለውለታ ከሆነስ ይቅርብኝ፣ ጌታዬ። እሷ ከወደደችኝ ራሷ ትበለኝ።»

ሁላችንም ወደ እህቴ ዞርን። እሷም የአባቷ ልጅ ነበረች። ሰው ሁሉ እያያት ወድጄዋለሁ ማለት ሞት ሆነባት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ወጣች። እሱ እንደ እምቢታ ቆጠረው።

«ነገ ብቻውን አግኝቼ እነግረዋለሁ» አለችኝ መንገድ ላይ።

በማግስቱ ስንሄድ እናቱ ብቻዋን ተቀምጣለች። ጎህ ሲቀድ ወደ መናገሻ ጫካ፣ ወደ አርበኞቹ መሄዱን ነገረችን። እህቴ በሩን ተደግፋ ቆመች፤ ከዚያ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ክረምቱ ሲወጣ መርዶው መጣ። አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ። ለቅሶው በእናቱ ቤት ሆነ። እህቴ ፀጉሯን ተላጭታ ሄደች። ለቀስተኛው ተያየ፤ አንዷ ሴትዮ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይቺ ደግሞ ምኑ ናት?» ስትል ሰማሁ።

መልሱን የሰጠው አባቴ ነው። ከተቀመጠበት ባዶ መሬት ተነሥቶ፣ «ሚስቱ ናት» አለ። ወደ ሸማኔው እናት ዞሮም እጅ ነሣ፤ «እመቤቴ፣ ምራትዎ ናት።»

እናትየው ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ለእህቴ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችላትና የተላጨ ራሷን በመዳፏ ደባበሰችው።