ባለቤት ያለው ዛፍ

ሰው ሁሉ ከተስማማበት ነገር መራቅ የቆየ ልማዴ ነው። ሚዛን ተፈሪ በሙሉ "ይሄ የወጣቶች የአገልግሎት ፕሮግራም ልጆቻችንን ከመንገድ ዳር አነሳልን" ሲል፣ እኔ "ሰልጣኝ ማለት የሥራ አጥ የክት ስም ነው" እያልኩ እዞር ነበር። ይህን የሰሙት የፕሮግራሙ ሰዎች አልተቀየሙም። ጠርተው አስተማሪ አድርገው ቀጠሩኝ፤ ከሰዓት በኋላ ለሰልጣኞቹ ሥነ ምግባር እንዳስተምር። ተቺን ዝም ለማሰኘት ሥነ ምግባር አስተምር ከማለት የተሻለ ዘዴ እስካሁን አልተገኘም።

ፕሮግራሙ ሲነገር ያምራል። ወጣቶች ከየአቅጣጫው ይመጣሉ። ማደሪያ፣ ምግብ፣ ብርድ ልብስና ለኪስ የምትሆን ጥቂት ነገር ይሰጣቸዋል። ጠዋት ሙያ፣ ከሰዓት ትምህርት ይማራሉ። ከዚያ ገጠር ወርደው ያገለግላሉ፤ አገልግሎቱን የጨረሰ መሥሪያ ቦታና መሣሪያ ይረከባል። እንዲህ ያለ ነገር ያልሞከረ አገር እምብዛም የለም፤ ስለ ብዙዎቹ አንብቤያለሁ። ካነበብኩት የቀረኝ አንድ ነገር ቢኖር ባለሥልጣን ወጣትን የሚያስታውሰው ሲፈራው መሆኑ ነው።

ከሰልጣኞቹ አንዱ የእህቴ ልጅ ነበር። እናቱ ቴፒ ላይ ትንሽ ሱቅ አላት፤ በዕፅዋት ሳይንስ ሲመረቅ "ሚዛን ሥራ አይጠፋም" ብላ ወደ እኔ ላከችው። ሥራ ግን ጠፋ፤ እሱም ዓመታት እኔ ዘንድ ተቀመጠ። መጀመሪያ ላይ እንደ ልጅ ይበላ ነበር። በኋላ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ "ጠግቤያለሁ" ማለት አመጣ። የሰው ቤት የሚበላ ሰው ቶሎ ይጠግባል። ባለቤቴ "ወጡ አልጣፈጠህም?" ስትለው "ኧረ በጣም ጥሩ ነው" ይልና እጁን ሊታጠብ ይነሳል። ለፕሮግራሙ ሲመዘገብ ምን አገኝ ብለህ ነው አልኩት።

"አጎቴ፣ አንገቴን ሳልደፋ ራት መብላት እፈልጋለሁ" አለኝ።

የማፌዝ ልማዴን ለጊዜው ዋጥኩት።

የደረሰው ሙያ ንብ ማነብ ነበር። የሳጥን ቀፎ አሠራር፣ የጭስ ማጨሻ፣ የማር ማጣሪያ፣ በገመድ ዛፍ መውጣት ሳይቀር ሁሉንም ተማሩ። የጎደለው ንብ ብቻ ነበር። ማደሪያ ግቢ ውስጥ ሰው ትነድፋለች ተብሎ ተከልክሏል። ንቧን በግድግዳ ላይ በተንጠለጠለ ሥዕል አዩዋት።

አብረውት የሚማሩት ከሩቅ የመጡ ስለሆኑ እሱ "የአካባቢው ልጅ" ተባለ። የአካባቢው ልጅ ይበሉት እንጂ የቴፒ የሱቅ ልጅ ነው፤ ደኑን የሚያውቀው ከሚኒባስ መስኮት ነው። ቢሆንም ጠየቁት። ይሄ ዛፍ ምን ይባላል? ዝናቡ መቼ ያባራል? ሰዉ ምን ቢሉት ደስ ይለዋል? ለሁሉም መለሰ። ለዓመታት ማንም ምንም ያልጠየቀው ሰው መጠየቅ ሲጀምር "አላውቅም" የሚለው ቃል ከአፉ አይወጣም። ክፍል ውስጥ ሲመልስ አየው ነበር፤ ትከሻው ሰፍቶ ነበር።

ለአገልግሎት የተላኩት ከማሻ ወዲያ ባለ አንድ የደን መንደር ነው። አስተባባሪያቸው ከመሐል አገር የመጣ፣ ከሰልጣኞቹ እኩል የሚሸከም፣ ትጉህ ወጣት ነበር። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ለመጻፍ በቀለለኝ። ትላልቅ ዛፎች ላይ ከግንድ የተፈለፈሉ ረጃጅም ቀፎዎች ተሰቅለው አየ። ንብ አይገባባቸውም፣ አይወጣባቸውም። ወደ እህቴ ልጅ ዞሮ "እነዚህ ባለቤት አላቸው?" አለው።

"የተተዉ ናቸው" አለ የአካባቢው ልጅ።

ለሳጥን ቀፎዎቹ ቦታ ይለቀቅ ተባለና ወጥቶ አወረዳቸው። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ስላደረ እንጨት ሁሉ ርሷል፤ ቀፎዎቹ ግን ውስጣቸው ደረቅ ነበር። ፈልጠው ምሳ አበሰሉባቸው።

በማግስቱ አስተባባሪው ስልክ ደወለልኝ። "መምህር፣ እርስዎ ሰዉን ያውቁታል፣ ይምጡልን።" እኔ ሰዉን የማውቀው ስለ እሱ በመጻፍ ነው። ግን የእህቴ ልጅ እዚያ ስላለ ሄድኩ።

ስደርስ ሽማግሌዎች ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል። በዚያ አገር ደኑ የመንግሥት ቢባልም ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ባለቤት አለው። አባት የሰቀለበትን ልጅ ይወርሰዋል፤ ሌላ ሰው አይነካውም። ቀፎው አብዛኛውን ዓመት ባዶ ነው። ጌተም የሚሉት ዛፍ ሲያብብ ንብ ይገባል፣ ማሩ ይቆረጣል፣ አበባው ሲያልቅ ንቡ ይሄዳል፣ ቀፎው ይጠብቃል። ይህን የማንኛውም ቤት ልጅ ያውቃል። ከማንኛውም ቤት አንድ ሰው መጠየቅ ይበቃ ነበር።

የቀፎዎቹ ባለቤት ሽማግሌ ጉልበቱን እያሸ ተቀምጧል። የእህቴን ልጅ አየት አደረገው።

"ጥሩ ነደደላችሁ?"

"አባባ..."

"ደረቅ እንጨት ነው። አባቴ ነው የፈለፈለው። ቡናም አፈላችሁበት?"

"ሽሮ ነው" አለ አንዱ ሰልጣኝ ከኋላ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ባለቤቱ ግን አልሳቀም።

"የተተወ መስሎኝ ነው አባባ" አለ የእህቴ ልጅ።

"የማን ልጅ ነህ አንተ?"

"የቴፒ።"

"ቴፒማ ከተማ ናት፤ አትወልድም።"

አስተባባሪው በተቃጠሉት ፋንታ አዳዲስ የሳጥን ቀፎ ልስጥ አለ። ሽማግሌው ሳጥኑን አንኳኩቶ "ይሄ የዶሮ ቤት ነው?" ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ በቋንቋቸው ተነጋገሩና አንደኛው በአማርኛ ነገረን። ያወረደው ሰው እዚህ ይቀመጥ። አዲስ ቀፎ ይፈልፍል፣ በእጁ ይስቀል፣ ንብ ሲገባ ይሂድ።

"ንቡ መቼ ነው የሚገባው?" አለ አስተባባሪው።

"ጌተም ሲያብብ።"

"መቼ ያብባል?"

"ሲያብብ ነዋ።"

ምረቃው ደርሶ ነበር፤ ከላይ እንግዶች ተጠርተዋል። አስተባባሪው የእህቴን ልጅ ወደ መኪናው ጥግ ወስዶ፣ እኔ እየሰማሁ፣ ዛሬ አብሮ ካልሄደ ስሙ እንደሚሰረዝ፣ መሥሪያ ቦታውም መሣሪያውም እንደሚቀርበት ነገረው። ሲነግረው ድምፁ ያዝን ነበር።

"እዚሁ ቆይ" አልኩት እኔ የእህቴን ልጅ። "ሰዎቹ ያሉት ቅጣት አይደለም፤ ወደ መንደሩ እያስገቡህ ነው። ምረቃውን እርሳው።"

"እሺ፣ ልቆይ" አለኝ። "ራት ማን ቤት ልብላ?"

እኔ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞርኩ። እሱም መኪናው ላይ ወጣ። ሽማግሌው ከተቀመጠበት አልተነሳም። መኪናው ሲነሳ እጁን አነሳ፤ ለሰላምታ ይሁን ዝንብ ለማባረር አልታወቀኝም።

ተመረቀ። እናቱ ከቴፒ መጥታ አለቀሰች። ንግግር ተደረገ፤ ከንግግሩ አንዳንዱ እኔ ራሴ በሥነ ምግባር ክፍለ ጊዜ የተናገርኩት ነበር፤ በማይክሮፎን ሲመጣ ይበልጥ ይከብዳል። የመሥሪያ ቦታ ሲደለደል ደግሞ ቢሮው በራሱ ደንብ አሰበ፦ የአካባቢው ልጅ ነው፣ የአካባቢውን ደን ያውቃል፣ አገልግሎቱንም እዚያ ሰጥቷል። ስለዚህ የቆርቆሮ ቤቱንና የሳጥን ቀፎዎቹን ከማሻ ወዲያ እዚያው መንደር ሰጡት። አልፈልግም ቢል ሌላ ቦታ የለም። ሥራ የያዘ ተብሎ ተቆጠረ፤ ቆጣሪዎቹም አልዋሹም።

ልጎበኘው የሄድኩት ጌተም ሲያብብ ነው። ቀፎዎቹ ከቆርቆሮ ቤቱ ፊት ተደርድረዋል፤ ቢጫ ቀለማቸው አልለቀቀም። አንዱን ከፈትኩ። ጉንዳን ነበረበት። ንቡ በላያችን እያለፈ ወደ ደኑ ይሄዳል፤ ድምፁ ይሰማል።

"ሰዎቹ አስቸገሩህ?" አልኩት።

"ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ሰላም ይሉኛል። ሲያልፉ ቆመው ሰላም ይሉኛል፣ እናቴን ይጠይቃሉ።" ውኃ ከጀሪካን ቀዳልኝ። "ቀፎውን ደን ውስጥ ላስገባ ብል የትኛው ዛፍ የማን እንደሆነ የሚነግረኝ የለም። ስጠይቅ 'እናያለን' ይሉኛል። አሁን እጠይቃለሁ፣ አጎቴ። ሁሉንም እጠይቃለሁ።"

"ይለመዳል" አልኩ። ይህን ቃል ሌሎች ሲሉት ስሰማ ሁልጊዜ እበሳጫለሁ።

ወዲያው ያ ባለ ቀፎ ሽማግሌ በመንገዱ መጣ። ሁለት ጎልማሶች አዲስ የተፈለፈሉ ቀፎዎች ተሸክመው ከኋላው ይከተላሉ፤ አንደኛው የሐረግ ገመድ ትከሻው ላይ ጠቅልሏል። የእህቴ ልጅ ተነስቶ ወደ መንገዱ ሮጠ።

"አባባ፣ እኔ ልስቀልልዎት። መውጣት እችላለሁ።"

ሽማግሌው ቆመ። ባርኔጣውን አውልቆ እኔን ሰላም አለኝ፤ የቤተሰቤን ጤና፣ የሚዛንን ዝናብ፣ የእህቴን ሱቅ ጠየቀኝ። መልሴን እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ።

"ተባረክ ልጄ። ሰው አለን።"

ሄዱ። የእህቴ ልጅ ገመድ የያዘው ሰው ዛፎቹ መሐል እስኪጠፋ ድረስ መንገዱ ላይ ቆመ። ሲመለስ እኔን አላየኝም፤ ቤት ገብቶ የቆርቆሮውን በር ከውስጥ ሳበው። ውጭ ገና ቀን ነበር።