የቤተሰብ ስም የሚለው መስመር

ካምፓላ፣ ካባላጋላ ሰፈር ውስጥ ቅጽ የሚሞላ የሀገሬ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። አዲስ አበባ ሳለሁ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ አቤቱታ እጽፍ ነበር፤ ራፖር ጸሐፊ የሚሉኝ ነኝ። እዚህ ደግሞ አንድ ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ተሰጥቶኝ የስደተኛ፣ የትምህርት ቤት፣ የሆስፒታል፣ ብቻ እንግሊዝኛ ያለበትን ወረቀት ሁሉ እሞላለሁ። በሥራዬ እኮራለሁ። ስርዝ ድልዝ አልወድም፣ ውሸትም አልጽፍም። ይህን የምለው ለጉራ ሳይሆን ጥፋቱ ከየት እንደጀመረ እንድታውቁልኝ ነው።

ሁለተኛው የኮሮና ሎክዳውን በታወጀ ሰሞን ከምግብ ቤቱ ጀርባ ባለው ግቢ የምትኖር አንዲት ሴት ታማ ሞተች። ሁለት ልጆች ትታለች። ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እናቷ ከሀገር አዝላ ያመጣቻት። ትንሹ አራት ዓመቱ ነው፤ እዚሁ ካምፓላ ከሌላ ባል የተወለደ። የልጅቷ አባት እሷ ገና ጡት ሳትጥል ሞቷል። የልጁ አባት ደግሞ ለሥራ ብሎ ጁባ ከሄደ በኋላ ድምፁ ከጠፋ ዓመት አልፎታል።

ልጆቹን ለጊዜው የያዘችው ጎረቤት አራት የራሷን ልጆች በአንድ ክፍል የምታሳድር ናት። ምግብ ቤቱ ሲዘጋ የወጥ ቤት ሥራዋም ቆሟል። ከዚህ በላይ እንደማትችል፣ አንድ ነገር እንዳደርግ ለመነችኝ። እኔ የምተኛው ምግብ ቤቱ ጓሮ፣ የሽንኩርት ጆንያ መሃል ነው። ወንደላጤ ነኝ፤ ሴት ልጅ አምጥቼ የት አስተኛታለሁ? ይህ ሁሉ እውነት ነው። እውነት ከተናገርን አይቀር ግን ልወስዳቸውም አልፈለግኩም፤ ሰበቡ ተመችቶኛል።

ወደ ጋባ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ አለ። ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ሰው እንዳይጭን ተከልክሎ ስለነበር ልጆቹን ይዤ በእግር ሄድኩ፤ ትንሹን ግማሽ መንገድ አዘልኩት። ኃላፊዋ፣ ፈርጠም ያለች ዑጋንዳዊት፣ በራፍ ላይ አስቁማ ሙቀታችንን ለካችና ቅጽ ሰጠችኝ። ቅጽ ሳይ ደስ አለኝ፤ የማውቀው ነገር ነዋ። እስክሪብቶዬን አውጥቼ በዚያ በሚመሰገን የእጅ ጽሕፈቴ ሞላሁት። የቤተሰብ ስም በሚለው መስመር ላይ ለልጅቷ የአባቷን፣ ለልጁ የአባቱን፣ ለእናትየዋም የአባቷን ስም አሰፈርኩ። ሰው በአባቱ ስም ነው የሚጠራው። ሌላ ምን ልጽፍ ኖሯል?

ኃላፊዋ አንብባ ቀና አለች። ሦስት ሰዎች፣ ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም። እነዚህ ልጆች እኅትና ወንድም አይደሉም አለችኝ።

የቤቱ ደንብ እንዲህ ነው። ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ እዚያ አይገባም፤ ትንንሾቹ ከከተማው ማዶ ወዳለ ሌላ ማሳደጊያ ይላካሉ። ታላቅ እኅት ወይም ወንድም እዚያው ካለው ብቻ አብሮ እንዲቀር ይፈቀድለታል። ደንቡ ደግ ነበር። ችግሩ፣ ኑሮ ሲጠናበት የጎረቤቱን ሕፃን ሳይቀር እዚያ ላለ ልጅ «ወንድሙ ነው» እያለ ጥሎ የሚሄደው ሰው በዝቶ ስለነበር ኃላፊዋ ያለ ወረቀት ማንንም አላምንም ብላለች።

የእኛን ሀገር የስም ሥርዓት ለማስረዳት አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገርኩ። እሷ በትዕግሥት ሰምታ «ሚስተር» እያለች በአባቴ ስም ትመልስልኛለች። አባቴ አራሽ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳን ሚስተር ሳይባል ነው የሞተው። በመጨረሻ ሁለቱንም ለሁለት ሳምንት እንደምታቆይ፣ እስከዚያ ማስረጃ ካልመጣ ትንሹ እንደሚሄድ ነገረችኝ።

ማስረጃ ፍለጋ ወጣሁ። የስደተኞች ቢሮ ዝግ ነው፤ ዘበኛው ሎክዳውኑ ሲያልቅ ና አለኝ። ከሟቿ ሻንጣ ልጁ የተወለደበትን የክሊኒክ ወረቀት ሳገኝ ዕልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ከፍቼ ሳየው የክሊኒኩ ጸሐፊ እናትየዋን በባሏ ስም መዝግቧታል፤ እነሱ ያገባችን ሴት እንደዚያ ነው የሚጽፏት። በስደተኛ ወረቀቷ ላይ ደግሞ በአባቷ ስም ናት። አንዲቷ ምስኪን ሁለት ሴት ሆና አረፈችው። የሰፈሩ ሊቀ መንበርም መልኳን እንጂ ስሟን አላውቅም ብሎ ማኅተሙን መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት።

ወረቀቶቹን ይዤ ተመልሼ ኃላፊዋ ላይ ጮኽኩባት። ደሜ ፈልቶ ነበር፤ ልብ የላችሁም አልኳት። አልተቆጣችም። ይልቅ ቤቱን አዞረችኝ። አንድ ፍራሽ ላይ ሁለት ሁለት ልጅ ይተኛል። መጓጓዣ ስለቆመ ሞግዚቶቹ ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ያድራሉ። ከውጭ ይመጡ የነበሩት ረጂዎች ኮሮና ከገባ ወዲህ ኢሜይል እንኳን አይመልሱም፤ ፖሾ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ ያለ ባቄላ መቅረብ ከጀመረ ሰንብቷል። ዘመድ ያላቸው ልጆች ወደ ዘመድ ይመለሱ ተብሎ ሲሄዱ ከኋላቸው በር ላይ የሚጣሉት ቦታውን ሞሉት። ከዚያ ቢሮዋ ገብተን ተቀመጥን።

«እርስዎ የሚከራከሩት ስለ አባቶች ነው» አለችኝ። «እኔ ዘንድ አባት ያለው ልጅ የለም። አንድ ስም ያምጡልኝ።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። የልጁና የእናቱ ስም በክሊኒኩ ወረቀት ይገጥማል፤ የማይገጥመው የልጅቷ ብቻ ነው። ጠበቃ ዘንድ ሄጄ የልጅቷ የአባት ስም በስህተት ተጽፏል፣ ትክክለኛው የወንድሟ አባት ስም ነው ብዬ ቃለ መሐላ ብፈርም ነገሩ ያልቃል። እኔ ደግሞ የሰው አባት በቃለ መሐላ አይለወጥም ብዬ ተነስቼ ወጣሁ። በመንገድ ላይ ራሴን እንደ ጀግና ቆጠርኩት፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ጉዳዩን ለሀገር ልጆች መረዳጃ የቴሌግራም ቡድን አቀረብኩ። ሰብሳቢው በድምፅ መልእክት ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ብሎ ጀመረ። ከዚያ ሁሉም ተናገረ። የአባትን ስም መፋቅ ኃጢአት መሆኑን፣ ሙት እንደሚወቅስ፣ ዘር እንደሚጠፋ። አንዱ ሎክዳውኑ ሲያልቅ ለልጆቹ በግ እናርድላቸው አለ። ሌላዋ ፎቶ ጠየቀች። ታዲያ ሁለቱን ልጆች ማን ይወስዳቸዋል ብዬ ጻፍኩ። ወደ ማታ ላይ አንድ ሰው የተጋጠሙ እጆች ሥዕል ላከልኝ። ስልኩን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም፤ ግን ማንን እሰድባለሁ? እኔም እጃቸውን ካጣጠፉት አንዱ ነበርኩ።

የሁለት ሳምንቱ ቀጠሮ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ተጨማሪ ጊዜ ልለምን ሄድኩ። ልጅቷ ግቢው ውስጥ ሰሃን ታጥባለች፤ ወንድሟ ቀሚሷን ይዞ ከጎኗ ተቀምጧል። ኃላፊዋን ስጠብቅ እጇን ጠርጋ መጣች። የቢሮው መስኮት ሲከፈት ሁሉ ነገር ውጭ ይሰማል፤ ከኃላፊዋ ጋር የተባባልነውን ሁሉ ሰምታለች። እንግሊዝኛዋ ከእኔ አይተናነስም።

«ጋሼ፣ የሱን አባት ስም ይጻፉልኝ» አለችኝ።

አባትሽስ? አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ አይባልም፤ ግን አፌ ቀደመኝ።

«አባቴ ሞቷል፤ የትም አይሄድም። እሱን ግን ይወስዱታል።»

በዕድሜዬ ብዙ ዳኛ ሲፈርድ ሰምቻለሁ። እንደዚያ አንጀቴን የበላኝ ፍርድ አላስታውስም። ፊቴን አዙሬ አፍንጫዬን ተናፈጥኩ፤ እሷ ጭስ መስሏት ወደ ማድ ቤቱ በኩል አየች።

በማግስቱ ጠዋት ከተማ ድረስ በእግሬ ወረድኩ። በሩን ገርበብ አድርጎ የሚሠራ ጠበቃ አገኘሁ። ቃለ መሐላውን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ የጠበቃው ጸሐፊ እንግሊዝኛ ለዚህ አይበቃም ነበር። ስርዝ ድልዝ የለበትም። ሐሰት መሆኑን እያወቅኩ ፈረምኩ፣ እሱ ማኅተሙን መታበት።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊዋ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ልጅቷን አስጠርታ ሙሉ ስምሽን ንገሪኝ አለቻት፤ አዲስ የሚገባን ልጅ ሁሉ እንደዚያ ነው የምትጠይቀው። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ልጅቷ የራሷን ስም ተናገረች፤ ሳትደናቀፍ የወንድሟን አባት ስም አስከተለች። ኃላፊዋ መዝገቡ ላይ ጻፈችው፤ ብዕሯን ስታስቀምጥ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። እውነቱን ከእኔ እኩል ታውቃለች ብዬ እገምታለሁ። ትንሹ ከእኅቱ ጋር እንዲቀር ተፈቀደ።

ልወጣ ስል ልጅቷ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ወንድሟ አልተከተላትም፤ ከሌሎች ልጆች ጋር ጎማ ይገፋል። የአባቴን ስም ያውቁታል አይደል? አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እንዴት አላውቅ፣ እኔው ነኝ ቅጹ ላይ የጻፍኩት፤ አውቀዋለሁ አልኳት። እዚህ ሌላውን ስትናገር ስትናገር እንዳይጠፋባት ፈርታ ነው፤ እስክታድግ እንድይዝላት ጠየቀችኝ። እኔም እንደ ልማዴ ከኪሴ እስክሪብቶና ቁራጭ ወረቀት አወጣሁ። እጄን ያዘችኝ።

«አይጻፉት፣ ጋሼ» አለችኝ። «በቃልዎ ይያዙልኝ። ወረቀት ላይ ካለ ያገኙታል።»